ስለ አዞ ሀረግ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው በኩል ነው ምኖረው፣ አጥሬ ላይ ከበሩ ጀምሮ እስከ ጓሮ ጥግ ድረስ አዞ ሀረግ አለ። መስከረም ላይ ሲያብብ መንገደኛው ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ለሃይኪንግ ሚወጡ ልጆች በር አንኳኩተው "ይሄ ነጭ አበባ ምንድነው?" ይሉኛል፣ ጎረቤት ደግሞ ለቁስል ቅጠል ልቁረጥ ብሎ ይመጣል። ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሜ ስለምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ። ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ከዚህ ሀረግ ጋር ብዙ አመት አብሬ ኖሬያለሁ፣ ስለሱ ያገኘሁትንም ሁሉ አነባለሁ። ቅጠሉን ፊታችሁ ወይም ልጃችሁ ላይ ልትለጥፉ ያሰባችሁ ካላችሁ ሌላውን ተዉትና መጀመሪያ ስለ ቁስል የጻፍኩትን አንብቡ፣ እሱ አይቆይም።

አዞ ሀረግ የቱ ነው? በምን አውቀዋለሁ?

ቅጠሉን እዩ። ሁለት ሁለት እየሆነ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ነው ሚወጣው፣ አንዱ ቅጠል ደግሞ ብዙ ጊዜ አምስት ትንንሽ ቅጠሎች የተሰደሩበት ነው፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ይላል። ግንዱን በጣታችሁ ብትዳስሱት ቁመቱን ሙሉ ሸንተረር ሸንተረር አለው፣ ሲያረጅ ቡናማ ሆኖ ይጠነክርና እንደ ገመድ ይሆናል፣ በነገራችን ላይ ገጠር ውስጥ አጥር ሲታጠር በሱ ሚያስሩ ሰዎች አሉ።

አበባው ነጭ ሆኖ ትንሽ ወደ ክሬም ይሄዳል፣ በዘለላ ነው ሚወጣው። ጠጋ ብላችሁ አንዷን አበባ ብታዩዋት አራት ነጭ ቅጠል አላት፣ መሀሏ ላይ ደግሞ ክር ክር የመሰሉ ወንዴዎች እንደ ብሩሽ ቆመዋል። እነዛ አራቱ ነጮች እንደ ሌላው አበባ የአበባ ቅጠል አይደሉም፣ እምቡጡን ሸፍኖ ሚይዘው ክፍል ነው ነጭ የሆነው፣ በጽጌረዳ ብናስበው እታች ያለው አረንጓዴው ማለት ነው። ይሄ ሀረግ ሌላውን የአበባ ቅጠል ጭራሽ አያወጣም፣ በሽፋኑ ነው ሚያጌጠው።

አበባው ሲረግፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። እያንዳንዷ ፍሬ ጭራ ታወጣለች፣ ጭራዋ ላይ ነጭ ለስላሳ ጸጉር ይበቅላል፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ አጥሩ ላይ የተባዘተ ጥጥ የተበተነ ይመስላል። ብዙ ሰው "ሁለተኛ ጊዜ አበበ እንዴ?" ብሎ ሚጠይቀኝ ያኔ ነው፣ አላበበም፣ ዘሩ ነው።

ስሙ ሳይንሱ ላይ ምን ይባላል?

ክሌማቲስ። በአለም ላይ ወደ 300 ሚጠጉ አይነቶች አሉት፣ ፈረንጆች ግቢ ውስጥ ሚተክሉት ትልልቅ ወይን ጠጅና ሮዝ አበባ ያለው ሀረግ የዚሁ ዘመድ ነው፣ አሜሪካም ደረቅ ጫካና ገደላ ገደል ውስጥ በራሱ ሚበቅል ነጭ አበባ ያለው ዘመድ አለው። እኛ ጋ አዞ ሀረግ ወይም የአዞ ሀረግ ሚባለው በዋናነት ሁለት ነው፣ አንዱ ክሌማቲስ ሲመንሲስ፣ ሌላው ክሌማቲስ ሂርሱታ። ሂርሱታ ማለት ጸጉራም ማለት ነው፣ እውነትም ቅጠሉን ስትነኩት እንደ ቬልቬት ነው። ሲመንሲስ ደግሞ ስሜን ማለት ነው፣ የኛው የስሜን ተራሮች፣ ሩፔል ሚባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ መጀመሪያ እዚህ መጥቶ ሰብስቦ ከወሰዳቸው እጽዋት ውስጥ ፍሬዘኒዩስ የሚባል የአገሩ ሰው በፈረንጆቹ 1837 ነው ይሄን ስም ያወጣለት። የኛ ሰው ከዛ ስንት ዘመን በፊት ስም አውጥቶለት እንደነበር ግልጽ ነው፣ በዚህ በኛ አካባቢ ያሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ ፊቲ ይሉታል።

ጠምበለል አይደለም እንዴ?

አይደለም፣ ግን ስትሳሳቱ አልፈርድባችሁም፣ ሁለቱም ሀረግ ናቸው፣ ሁለቱም ነጭ ያብባሉ፣ አንዳንዴ እዛው አንድ ቁጥቋጦ ላይ ተቃቅፈው ታገኟቸዋላችሁ። ጠምበለል ጃስሚን ነው፣ ሽታው ገና ሳታዩት ከሩቅ ይቀበላችኋል፣ አበባው እታች ቱቦ ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ይከፈታል፣ ቅጠሉ ሶስት ሶስት ሆኖ ያብለጨልጫል ጠርዙም ልሙጥ ነው፣ ፍሬው ደግሞ ጥቁር ድብልብል። አዞ ሀረግ ቱቦ የለውም፣ ጠርዙ ጥርሳም ነው፣ ፍሬው ጸጉራም። እሾህ ካለው ደግሞ ሁለቱም አይደሉም፣ ቀጋ ሊሆን ይችላል።

ይሄን መለየት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጠምበለሉን ቆርጦ ቤት ማስቀመጥ ችግር የለውም፣ አዞ ሀረጉን በባዶ እጅ እየቀጠፋችሁ አበባ እቅፍ ብትሰሩ ግን እጃችሁ ይጎዳል፣ ወደዛ እመጣለሁ።

የት ላየው እችላለሁ?

ደጋና ወይናደጋ ላይ ነው፣ ከባህር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር ጀምሮ እስከ 3000 አልፎ ድረስ። ሚወደው ቦታ የጫካ ዳርና የወንዝ ሸለቆ ነው፣ ጽድና ወይራ ያለበት፣ ባለሙያዎቹ ደረቅ የደጋ ደን ሚሉት አይነት። ድፍን ጨለማ ጫካ ውስጥ ብዙም አታገኙትም፣ ብርሃን ሚገባበት ጠርዝ ይፈልጋል።

አዲስ አበባ ዙሪያ ከሆናችሁ እንጦጦ ላይ ዋናው መንገድ ዳር ቆማችሁ አትፈልጉት፣ እዛ አብዛኛው ባህር ዛፍ ነው፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለ፣ ከባህር ዛፍ ስር ደግሞ ብዙ ነገር አይበቅልም። ወንዙ ወደ ሚሰነጥቃቸው ገደላ ገደሎች ወረድ በሉ፣ ፍየል በማይደርስበት፣ ወይራና አጋም በተረፈበት፣ እዛ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ጉለሌ እጽዋት ማዕከልም አገር በቀሉን ዛፍና ቁጥቋጦ ከነስሙ ለማየት ጥሩ ነው፣ 705 ሄክታር ስለሆነ ውሃና ምቹ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ወጨጫ ተራራ ጎን ያለው መናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ሚባለው፣ እዛ እነዛ ትልልቅ ጽዶች ላይ ሀረግ እንዴት እንደሚወጣ ስታዩ አጥር ላይ ያለው የኔው ልጅ ነው ሚመስላችሁ።

ግን እውነቱን ለመናገር ድሮ ይሄን ሀረግ ለማየት ጫካ አይኬድም ነበር። የሰው አጥር ነበር ቦታው። ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ለገጣፎም አጥር ማለት ቁጥቋጦ ነበር፣ ቀጋው ክትክታው እንዶዱ አጋሙ ተጠላልፎ፣ በላዩ ላይ አዞ ሀረግና ጠምበለል። አሁን መሬቱ ተሸንሽኖ ቤት ሲሰራበት መጀመሪያ ሚመጣው ግሬደር ነው፣ አጥሩን ጠርጎ ይጥለዋል፣ ከዛ ቆርቆሮ፣ ከዛ ብሎኬት። እኔ ያለሁበት መንገድ ላይ ስገባ ስድስት ሰባት ግቢ አጥሩ ህይወት ያለው ነበር፣ አሁን የኔና የአንድ አዛውንት ጎረቤቴ ብቻ ቀርቷል። ይሄ ነገር ያመኛል፣ ለዛም ነው እንዴት እንደሚተከል እታች በሰፊው የጻፍኩት።

ምኑን ይዞ ነው ሚወጣው? እንደ ወይን ሚጠመጠም ክር የለውም እኮ

ይሄን ጥያቄ አንዲት ሃይኪንግ የወጣች ተማሪ ናት የጠየቀችኝ፣ በጣም ነው የወደድኳት። በቅጠሉ ነው! ቅጠሉን ከግንዱ ሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ አለ አይደል፣ እሱ ነው እጁ። የሆነ ነገር ሲነካው፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ይሁን ሽቦ ይሁን፣ ወደነካው በኩል ይታጠፍና ይጠመጠማል። ዳርዊን ሳይቀር ክሌማቲስ ላይ ይሄን ቁጭ ብሎ ሲያጠና ነበር፣ በፈረንጆቹ 1865 ስለ ሀረጎች ባሳተመው ስራ ላይ በቅጠል ሚወጡ ሚላቸው ውስጥ ነው ያስቀመጠው።

እራሴ ሞክሬዋለሁ። አንድ ለጋ ጫፍ መርጬ የቅጠሉን ዘንግ ከአጥሩ ሽቦ ጋር እንዲነካካ አድርጌ አስጠጋሁት፣ የነካበት ቦታ ላይ ሽቦው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ እንዳይጠፋኝ። በማግስቱ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ ዘንጉ ጎብጦ ሽቦውን እንደ ጣት ይዞታል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሙሉ ዙር ዞሮ ነበር። ከዛ በኋላ ያ ለስላሳ ዘንግ እየወፈረ እየጠነከረ ሄደ፣ ቅጠሉ ደርቆ ከረገፈ በኋላ እንኳን መያዣው እንደ ሽቦ ቀለበት እዛው ቀረ። ለዛ ነው የደረቀ አዞ ሀረግ ከአጥር ላይ ስትስቡት እሺ ማይለው፣ በመቶ ጣት ነው የያዘው፣ ቆርጣችሁ ነው ምታወጡት።

ከዚህ ሚወጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፣ ያ ዘንግ አጭር ስለሆነ ወፍራም ነገር መያዝ አይችልም። ወፍራም እንጨት ወይም ልሙጥ ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ "ለምን አልወጣም" አትበሉት፣ ቀጭን ነገር ስጡት።

ዛፌን ይገድልብኛል?

ተቀጽላ አይደለም። ተቀጽላ ዛፉ ላይ ተጣብቆ ከዛፉ ነው ሚጠጣው፣ አዞ ሀረግ ግን ስሩ መሬት ውስጥ ነው፣ ምግቡንም ራሱ ነው ሚሰራው፣ ዛፉን መሰላል ነው ሚያደርገው። ትልቅ ዛፍ ምንም አይሆንም። ትንሽ ችግኝ ላይ ከወጣ ግን ክብደቱም ጥላውም ይጎዳዋል፣ በተለይ አዲስ የተተከለ ጽድ ወይም ኮሶ ላይ ካያችሁት እጃችሁን ሸፍናችሁ አውርዱት፣ ወደ አጥሩ አዙሩት። መንቀል አያስፈልግም።

ለቁስል፣ ለችፌ፣ ለኪንታሮት መድኃኒት ነው ይባላል፣ ቅጠሉን ቀጥቅጬ ላድርግበት?

እባካችሁ አታድርጉ።

ባህላዊ ህክምና ውስጥ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ቅጠሉ ለቁስል ለችፌ ለጭርት ለኪንታሮት በብዙ የአገራችን ክፍል ይታወቃል፣ ላብራቶሪ ውስጥም ባክቴሪያና አይጥ ላይ የሞከሩት ተመራማሪዎች አሉ፣ ውስጡ ሚሰራ ነገር እንዳለ አልክድም። ችግሩ ያ ሚሰራው ነገር ቆዳም ያቃጥላል። ቅጠሉ ሳይነካ ሲቀር ውስጡ ራኑንኩሊን ሚባል ነገር ነው ያለው፣ ቅጠሉ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲታኘክ ይሰበርና ፕሮቶአኔሞኒን ሚባል ዘይት መሰል ኬሚካል ይሆናል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቀላል ከዛ ውሃ ይቋጥራል። ማለትም ቀጥቅጣችሁ ስትለጥፉት መርዙን የሰራችሁት እናንተ ናችሁ፣ በጨርቅ አስራችሁ ስታሳድሩት ደግሞ እንዳይተን ከድናችሁ ቆዳ ውስጥ እየከተታችሁት ነው።

የፈረንጆቹም ዘመዱ እንደዛው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በድሮ ጊዜ ለማኞች የክሌማቲስ ቅጠል ቆዳቸው ላይ እያሹ ቁስል ያወጡ ነበር ሰው እንዲያዝንላቸው፣ እስከዛሬም ተክሉን የለማኞች ሳር ብለው ነው ሚጠሩት። ቁስል ለማውጣት ሚጠቀሙበትን ነገር እኛ ቁስል ላይ እያደረግነው ነው።

ከሶስት አመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ጉንጯ ላይ ጭርት ወጣባት፣ የዘጠኝ አመት ልጅ ናት፣ እትዬ ከኔ አጥር ላይ ቅጠል ቆረጡ፣ እኔም "ውሰዱ እትዬ ምን ችግር አለው" ነው ያልኳቸው፣ ለምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩም። ማታ ቀጥቅጠው ጉንጯ ላይ አድርገው በነጠላ ቁራጭ አሰሩላት። ሌሊት ታለቅስ ነበር፣ "እየሰራ ነው ቻይው" አሏት። ጠዋት ሲፈቱት ጉንጯ አብጦ እንደ ፈላ ውሃ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል፣ አይኗ ጋ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ነርሷ "ምን ነካት?" ስትል እትዬ መናገር አቃታቸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ፣ እኔ ነኝ የነገርኳት። ቁስሉ ዳነ፣ ግን ጥቁር ምልክቱ ከአመት በላይ ፊቷ ላይ ነበር። እትዬ ያቺን ልጅ ከነፍሳቸው አብልጠው ነው ሚወዷት፣ ክፉ አስበው አይደለም፣ እናታቸው ሲያደርጉ ያዩትን ነው ያደረጉት፣ ግን ምን ያህል፣ ለስንት ደቂቃ፣ የት ቦታ ላይ ሚለው እውቀት በመሀል ጠፍቷል፣ ቅጠሉ ብቻ ነው የቀረው። ከዛን ቀን ጀምሮ ቅጠል ሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልሰጥም።

ጭርት ፈንገስ ነው፣ ጤና ጣቢያም ፋርማሲም በርካሽ ቅባት አለው። ኪንታሮት ስትሉ ደግሞ መቀመጫ ላይ ያለውን ከሆነ ጭራሽ አታስቡት፣ እዛ ቦታ ያለው ቆዳ ከፊት የባሰ ስስ ነው። አፍልቶ መጠጣትም ያው ነው፣ አፍን ጉሮሮን ጨጓራን ያቃጥላል። "አድርቄው ብጠቀምስ" ሚለኝም አለ፣ ሲደርቅ እውነት ነው ያ ኬሚካል ወደ ሌላ ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ይቀየራል፣ ግን ሙሉ በሙሉ መድረቁን በምን ታረጋግጣላችሁ፣ እኔ ሀላፊነቱን አልወስድም እናንተም አትውሰዱ።

ነክቶኛል፣ አሁን ምን ላድርግ?

ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡት፣ ደጋግማችሁ። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት፣ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም ምናምን አትቀቡት፣ በንጹህ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍናችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ሀኪም፣ ነገ አይባልም። የአንድ ሰሞን መከርከም ላይ ጓንቴን ረስቼ እጄ አንጓ ላይ ጭማቂው ደርሶኝ ሁለት ሳምንት ነው ያሳከከኝ፣ በዛን ሰአት ውሃ ነው ሚያድናችሁ።

እንዲሁ ሲያልፉ መንካትስ? ያልተሰበረ ቅጠል በእጅ መዳሰስ ምንም አያደርግም፣ ችግሩ ጭማቂው ነው።

ከብት ቢበላውስ?

እርጥቡን ብዙ እንስሳ ራሱ ይሸሸዋል፣ አፍ ያቃጥላል። የኔ ጎረቤት በጎች አጥሩ ስር እየጋጡ ያልፋሉ፣ ሀረጉን አይነኩትም። ብቻ ከርክማችሁ የጣላችሁትን እርጥብ ክምር ከሌላ ሳር ጋር ቀላቅላችሁ አትስጧቸው፣ ለይተው መተው አይችሉም።

ንብ ይወደዋል?

በጣም። ቀፎ ያላችሁ ሰዎች ለዚህ ብቻ ብትተክሉት አያስቆጭም። ክረምት ወጥቶ አደይ በፈነዳበት ሰሞን እሱም ይከፍታል፣ እኛ ጋ እስከ ህዳር ይቆያል፣ ጠዋት ሶስት ሰአት አካባቢ ጸሀይ ሲያርፍበት አጥሩ ሙሉውን ያዜማል፣ ጆሮአችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ነው ምትሰሙት።

ግቢዬ ውስጥ እንዴት ልትከለው?

ሶስት መንገድ አለ፣ እኔ ሶስቱንም ሞክሬ ሚቀለኝን ልንገራችሁ።

ቀላሉ ማጎንበስ ነው። ሀረጉ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲገባ አንድ ረጅም የአምና ቅርንጫፍ ሳትቆርጡ ወደ መሬት አጎንብሱት፣ አንጓው ያለበትን ቦታ ከስሩ በቢላ ትንሽ ፋቅ አድርጉት፣ አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ከመሬት ውጪ ያለው ጫፉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም እንጨት ስጡት። ክረምቱን ሙሉ እናቱ እያጠባችው ስር ያወጣል፣ እኔ በሚቀጥለው ሰኔ ነው ምቆርጠው፣ አንዳንዴ ቶሎም ይደርሳል ግን መቸኮል ምን ያደርጋል። አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ከሆነ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሶስት አራት ቦታ ብትቀብሩት ሶስት አራት ችግኝ ነው።

ሁለተኛው ቁራጭ ነው። የጽጌረዳ ቁራጭ ስትተክሉ ከአንጓው ስር ነው ምትቆርጡት አይደል፣ ይሄ ይለያል፣ በሁለት አንጓ መሀል ነው ሚቆረጠው፣ ከታች ባዶ ግንድ ከላይ አንድ አንጓ ከነቅጠሉ፣ ከሁለቱ ቅጠል አንዱን አንሱት ውሃ እንዳይጨርስ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ ብስባሽ ውስጥ ሰክታችሁ፣ ጥላ ስር፣ በላዩ ላይ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ድፉበት። ሁሉም አይያዝላችሁም፣ አስር ሰክታችሁ አራት ከያዘ ደስ ይበላችሁ።

ሶስተኛው ዘር ነው፣ ትእግስት ይፈልጋል። ትኩስ ዘር ነው ሚሻለው፣ ከአመት አመት ያስቀመጣችሁት አብዛኛው ይሞታል። ጭራውን ቆርጣችሁ ስስ አፈር ብቻ አልብሳችሁ እርጥበቱን ጠብቁ፣ ከዛ ተዉት። ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ "አልበቀለም" ብላችሁ አፈሩን አትድፉ፣ እኔ አንዴ ተስፋ ቆርጬ ጥግ ላይ የጣልኩት ላስቲክ ከክረምት በኋላ አብቅሎ አገኘሁት።

ቦታውን በተመለከተ እግሩ ጥላ ራሱ ጸሀይ ይወዳል፣ ሲያድግ ጫፉ ብርሃን ይፈልጋል ስሩ ግን እንዳይግል ነው፣ ስለዚህ ስሩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩበት ወይም ዝቅ ያለ ተክል አጠገቡ ትከሉ። የሱሉልታ ሜዳ አይነት ክረምት ላይ ውሃ ሚቋጥር ጥቁር አፈር ከሆነባችሁ ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ ትከሉት፣ ጠጠር ቀላቅሉበት፣ ውሃ ውስጥ የቆመ ስር ይበሰብሳል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ደግሞ ውርጭ ለጋ ጫፉን ያጠቁረዋል፣ አትደንግጡ አትንቀሉት፣ ከስር እንደገና ያወጣል። የመጀመሪያውን ሁለት በጋ ውሃ ካጠጣችሁት ከዛ በኋላ ራሱን ይችላል።

መቼ ልከርክመው?

ዘሩ ከበነነ በኋላ፣ እኔ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው ምነካው። ረጅም እጅጌ፣ ወፍራም ጓንት፣ ሲቻል መነጽር። የቆረጣችሁትን ክምር አታቃጥሉ፣ ጥጉ ላይ ይድረቅ።

አጥሬ ብሎኬት ነው፣ ምን ላድርግ?

ይቻላል። ግድግዳውን ብቻውን መያዝ አይችልም ብያችኋለሁ፣ ስለዚህ ሚስማር መታ መታ አድርጋችሁ ቀጭን ሽቦ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቃችሁ ዘርጉለት፣ ያረጀ የዶሮ ሽቦም ካላችሁ ቆንጆ ነው። ቆርቆሮ አጥር ላይ ግን ቀን ቀን ቆርቆሮው ሚግለው ነገር ለጋውን ያቃጥለዋል፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምስራቅ ባለው ጎን ሞክሩት። አዲስ ግቢ ገዝታችሁ ግንባታ ልትጀምሩ ከሆነና አሮጌው አጥር ላይ ሀረግ ካለ ደግሞ ግሬደሩ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ሰኔ ተጠቀሙበት፣ አንድ ጥግ ላይ ሁለት ሜትር ያህል አጥር ቢተርፍ ለመላው ግቢ ሚሆን እናት ሀረግ አላችሁ።

ከጫካ ነቅዬ ባመጣስ?

አይሆንም፣ ከተከለለ ደን ምንም ነገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ደግሞም ያረጀ ስር ተነቅሎ ሲመጣ አብዛኛው ይደርቃል፣ ሁለቱም ጋ ሳይኖር ይቀራል። የሚሻለው ዘር ነው፣ የአንድ ሰው አጥር ወይም መንገድ ዳር ካለ ሀረግ። ጥር ላይ፣ ከጥምቀት ወዲህ ያለውን ደረቅ ንፋስ ጠብቁ፣ ነጩ ጸጉር ፍጹም ደርቆ በጣት ሲነካ ያለምንም ጉልበት ከዘለላው ሚለቅ ከሆነ ደርሷል፣ እየጎተተ ከያዘ ገና ነው፣ ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ። እፍኝ ያህሉን ወረቀት ውስጥ አድርጉ፣ ፌስታል አይሁን ይሻግታል፣ የቀረውን ለንፋሱ ተዉለት።